«የመጨረሻ» የሚል ፋይል አራት አለኝ፤ ዋናው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስድስት ዓመት ሙሉ በታብሌት ስስል ቆይቻለሁ። ግማሹ ሥራዬ ስልኬ ላይ ነው፣ ግማሹ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ጥቂቱ ደግሞ ፍላሽ ላይ። አንድ ሥዕል ስፈልግ «የመጨረሻ» የሚል ፋይል አራት ይመጣልኛል። አሁን ሥራዎቼን ኢንተርኔት ላይ በሥርዓት ማሳየት አምሮኛል። ግን ክምሩን ሳየው ገና ሳልጀምር ይደክመኛል። ከየት ልጀምር?
— ግራ የገባት ሠዓሊ

መልስ፦ እህቴ፣ ክምሩን ለጊዜው ተይው። ዛሬ ከያዝሽው ሥዕል ተነሺ። አዲሶቹ በሥርዓት መግባት ከጀመሩ አሮጌዎቹን በሳምንት አምስት አምስት እያልሽ ታስገቢያቸዋለሽ። የስድስት ዓመት ክምር በአንድ ቅዳሜ አይፈታም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ማስቀመጥና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው።

አያቴ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እጇን ሥዬ ነበር። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። የጣቶቿን መጨማደድ አንድ በአንድ አወጣሁት፤ ሦስት ሳምንት አቀርቅሬበታለሁ። ጨርሼ በጄፔግ (ቀለል ባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አወጣሁት፣ ለጠፍኩት፣ ሰው ወደደው። በኋላ ታብሌቴ ሲሞላ ዋናውን ፋይል ሰረዝኩት። ለጥፌዋለሁ፣ የትም አይሄድም ብዬ። አያቴ ካረፈች በኋላ ቤተሰቡ ሥዕሉን በትልቁ አሳትምልን አለኝ። ከለጠፍኩበት መልሼ ያወረድኩት ፋይል ወርዱ 1080 ፒክስል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ብቻ ነበር። ጥሩ ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል፤ በዚህ ልክ 1080 ፒክስል 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። በግድ ሲለጠጥ ክሩ ተበጣጥሶ ነጠብጣብ ሆነ። በጣቶቿ ዳር ዳር ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ወጡ።

እነዚያ አራት ማዕዘኖች ከጄፔግ የመጡ ናቸው። ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ፣ ዓይን ብዙም አይለየውም ያለውን ይጥላል። ፋይሉ የሚቀለው ለዚህ ነው። ከፍተሽ አርመሽ ደግመሽ ባስቀመጥሽ ቁጥር እንደገና ይጥላል። የጣለው ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥዕል ዋና ፋይል ይኑርሽ። ዋናው ማለት ሌየሮቹ፣ ማለትም ሥዕሉን የሠራሽባቸው ንብርብሮች፣ ያልተጨፈለቁበት፣ በሠራሽበት መጠን ያለው ነው። የፎቶሾፕም ይሁን የክሪታ ወይም የፕሮክሬት፣ የሠራሽበትን የሥዕል ፕሮግራም ፋይል እንዳለ አስቀምጪው። ከጎኑ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት አንድ ጨምሪ። ፒኤንጂ ሲያስቀምጥ ምንም አይጥልም፣ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይከፈታል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም አኒሜሽን ይሠሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ያውቁታል። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የፍላሽ ማጫወቻን ድጋፍ ሲያቆም፣ የስንቱ ሥራ በተለመደው መንገድ የማይከፈት ሆኖ ቀረ። ፋይልሽ ዕድሜው በአንድ ፕሮግራም ዕድሜ ላይ አይንጠልጠል።

ማሳያውን፣ ማለትም ለሰው የምትለጥፊውን ፋይል፣ ከዋናው ፋይል ታወጪያለሽ። ረጅሙ ጎን 2000 ፒክስል ገደማ፣ ቀለሙ ኤስአርጂቢ፣ ዓይነቱ ጄፔግ ቢሆን ለስክሪን ይበቃል። ኤስአርጂቢን፣ አብዛኛው ስክሪን የሚጠቀምበትን የቀለም ክልል፣ አትርሺ። ሰፋ ባለ የቀለም ክልል ሠርተሽ ሳትቀይሪ ከለጠፍሽ፣ ያ ደማቅ ቀይሽ በሌላ ሰው ስክሪን ላይ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ማሳያው ቢበላሽ ወይ ቢጠፋ አትደንግጪ፣ በአንድ ደቂቃ ሌላ ታወጫለሽ። በቴሌግራም ለወዳጅ ስትልኪም ጥራቱ እንዳይወርድ ከፈለግሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው።

አሁን ወደ ስሙ። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከፋይል ስም ላይ አውጪው። ሥዕል መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም፤ ነገ ተመልሰሽ ጥላውን ታስተካክያለሽ። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ 2024-03-17_የአያቴ-እጅ_02። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ርዕስ፣ ከዚያ የሥዕሉ ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ። ዓመቱ ከፊት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርልሻል። ቁጥሩንም 2 ሳይሆን 02 በዪው፤ አለዚያ በብዙ ቦታ 10ኛው ከ2ኛው በፊት ይሰለፍብሻል። ፎልደር አታብዢ። ለዓመቱ አንድ፣ በውስጡ ለየሥዕሉ አንድ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲበዛ የት እንዳስገባሽው ራስሽ ትረሺዋለሽ።

አራቱን «የመጨረሻ» ጎን ለጎን ክፈቺያቸው። ሌየር ያለው የትኛው ነው? በፒክስል ትልቁስ? አብዛኛውን ጊዜ ዋናው እሱ ነው። ሌሎቹን ግን አትሰርዢ፤ «ያልተለየ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይቆዩ።

ቅጂን በተመለከተ ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ላፕቶፕሽ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ማለት ነው። የኪስ ፍላሽ ዲስክን ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አትመኚው። ደግሞ ተጠንቀቂ፦ ከላፕቶፕሽ ጋር ራሱን የሚያመሳስል ክላውድ፣ እዚህ የሰረዝሽውን እዚያም ይሰርዘዋል። ብቻውን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይሆንሽም።

ማሳየት ላይ ስትደርሺ ሁሉንም አትዘርግፊ። ክምሩ ለአንቺ ነው፣ ለተመልካች ሃያ ሥዕል ይበቃል። እርስ በርስ የሚነጋገሩትን አንድ ላይ አድርጊ። ከየሥዕሉ ሥር ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ በምን እንደሠራሽው ጻፊ። ማየት ለማይችሉ ሰዎች ስክሪን የሚያነብላቸው ፕሮግራም እንዲያነብ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ አንድ ሁለት መስመር ጨምሪ። «ሥዕል 14» አትበዪ፤ «የአሮጊት እጅ ክር በመርፌ ስታስገባ» በዪ። ይህን ስጽፍ የገዛ ሥዕሌን እንደ አዲስ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥዕሉ መሃል ላይ ስምን በትልቁ መጻፍ አልወድም። የደከምሽበትን ነገር መልሶ መሸፈን ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ፊርማ ይብቃሽ፤ ትልቁ ፋይል አንቺ ጋ ስላለ የባለቤትነት ማስረጃሽም እሱ ነው። ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት ከፈለግሽ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አሉ። ግን አስቢበት፤ አንዴ የሰጠሽውን ፈቃድ ሥራሽን በዚያ ፈቃድ ከወሰደ ሰው ላይ መልሰሽ መውሰድ አትችዪም።

የምትለጥፊበት ቦታም ቋሚ አይደለም። ጂኦሲቲስ የሚባለው ድረ ገጽ በዘመኑ ስንት ሰው የራሱን ገጽ የሠራበት ቦታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ተዘጋ። ዋናው አንቺ ጋ ካለ ግን ማሳያውን ሌላ ቦታ ትሰቅያለሽ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በወረቀት ላይ ነው የሠራሁት፣ በእርሳስና በውሃ ቀለም። የልጅ ልጄ በስልክ እያነሳች ታስቀምጥልኛለች፤ ግን ሥዕሎቹ ጠመም ይላሉ፣ ወረቀቱም ቢጫ ይሆናል። ምን ይሻላል?
— ጡረታ የወጡ መምህር

መልስ፦ አባቴ፣ ትንንሾቹን በስካነር ያስነሷቸው፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)። በዚህ ልክ የተነሳ ሥዕል እጥፍ አድርገው ቢያሳትሙትም አይደበዝዝም። ስካነር ላይ የማይገባውን ትልቁን በስልክ ይነሳ፣ ግን ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይለጠፍ፣ ስልኩም ከሥዕሉ መሃል ጋር ትይዩ ይሁን። ትንሽ ራቅ ብላ ብታነሳው ጠርዙ አይጣመምም። የአምፖል መብራት ይጥፋ፤ ቢጫ የሚያደርገው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ይሻላል። የስልኩ ፍላሽ መብራትም ይዘጋ። ከመለጠፏ በፊት ደግሞ የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ያን ታጥፋው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሥዕሉን ስታነሳ አጠገቧ ይቀመጡ። ይህ መቼ ነው፣ ይህች ማን ናት፣ ያን ቀን ለምን ያን ሰማያዊ መረጡ፣ ይንገሯት። እሷም በስልኳ ትቅዳዎት፣ ድምፁንም ከሥዕሉ ጋር በአንድ ፎልደር ታስቀምጠው። ስካነሩ ይህን አያነሳውም።