ወጣቱን ጥሩት፤ ግን በጀቱ ሳይዘጋ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። «ክፍለ ከተማው የወጣቶች የምክክር መድረክ አዘጋጂ ብሎኛል። እስካሁን ያየሁት ግን አዳራሽ ሞልቶ፣ ተጨብጭቦ መበተን ነው። ወጣቱን በፖሊሲ ሥራ በእውነት ማሳተፍ የሚቻለው እንዴት ነው?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ በወጣቶች ማኅበር ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ስላልተሳካው ልጀምር። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ወጣቶች ሥራ ዕድል ሰነድ አዘጋጅቶ ወጣት ሰብስቡልን አለን። ሰበሰብን። አዳራሹ ጢም አለ። ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውሃ ታደለ፣ ስም ተመዘገበ። ከዚያ ፓወር ፖይንት ተጀመረና እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠለ። ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀረ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የባጃጅ ሹፌር እጁን አወጣ። «ሰነዱ ጸድቋል ወይስ ገና ነው?» አለ። ከመድረክ «ጸድቋል፤ የዛሬው ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነው» የሚል መልስ መጣ። ልጁ ቁልፉን አነሳና ወጣ። በር ላይ አገኘሁት። «የግማሽ ቀን ገቢዬን ትቼ ነው የመጣሁት። አልቆ ከሆነ ለምን ጠራችሁኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ስልክ ደውዬ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት የጠየቁሽን ኃላፊዎች አንድ ነገር ጠይቂያቸው። «ገና ያልተወሰነው ነገር የቱ ነው?» በያቸው። የሚጠቁሙሽ ነገር ካለ ምክክር ነው። ከሌለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነውና በስሙ ይጠራ። ግንዛቤ ማስጨበጥ በራሱ ክፉ አይደለም። ወጣቱን የሚያስኮርፈው «አስተያየትህን እንፈልጋለን» ተብሎ ተጠርቶ አስተያየቱ የሚገባበት ቦታ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚሸከሽኑት ግን ከዚያ ወራት ቀድመው ነው። ሰኔ ላይ ምክር ቤት ሲቀርብ ቁጥሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። እኛን የሚጠሩን መቼ ነው? ክረምት ላይ። ችግኝ ለመትከል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ የሚቀድመን የለም፤ ደስ ብሎን ነው የምንሠራው። ጥር ላይ ግን፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል ሲታሰብ፣ ስልካችን አይጠራም። አንቺ መድረክሽን ወደ ጥር አምጪው። ሌላ ምንም ባትቀይሪ ይህ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው።

አሁን የተሳካልንን ልንገርሽ። እንደምታውቂው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች መጡ። ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እኛ መጀመሪያ ሄደን «የወጣቶች ችግር ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ሁሉም «ኑሮ ውድነት» ብለው ዝም አሉ። ጥያቄው ሰፊ ነበር። መልሱን ይዘን ብንሄድም የትኛውም ቢሮ ምንም ሊያደርግበት አይችልም።

በሌላ እሑድ ተመለስን። በዚህኛው ጊዜ ሲዳምኛ አፏን የፈታችበት ልጅ ይዘን ሄድን። አከራይዋ ግቢ ውስጥ ቡና ተፈላ። ጥያቄያችንም አንድ ብቻ ነበር፤ ከማታ ፈረቃ ስትወጡ ቤት እስክትደርሱ የሚያስፈራችሁ የቱ ጋ ነው? በአማርኛ ስንጠይቅ መሬት መሬት ስታይ የነበረች ልጅ ተነሳች። ከምድጃው ዳር የጠፋ ከሰል አንስታ ካርቶን ላይ መንገዱን ሣለች። ወፍጮ ቤቱን፣ ቦዩን፣ ኩርባውን አስቀመጠች። ኩርባው ላይ ጣቷን አሳርፋ «እዚህ ጋ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ ነው የምሮጠው» አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ በዚያው ካርቶን ላይ የየራሳቸውን ምልክት አደረጉ።

በማግስቱ ማታ አብረናቸው ሄድን። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ኩርባው ስድስት የመንገድ መብራት ምሰሶ ቆሟል፤ አንዱም አይበራም። አንድ ገጽ ጻፍን፤ የካርቶኑን ፎቶ አያያዝንበት። ከዚያ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራን ከረምን። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «ይሄ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ ማንም አይነካውም። በደህና ጊዜ ነው የመጣችሁት፤ እኔ አስገባዋለሁ» አለችን። በቀጣዩ ዓመት አራቱ በሩ። ሁለቱ ዛሬም ጨለማ ናቸው፤ እየተከታተልን ነው። ከስድስት አራት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ያቺ ልጅ ግን አሁን ጫማዋን አድርጋ ነው ቤቷ የምትገባው።

ማንን እንደምትጠሪም አስቢበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ1998 ዓ.ም. ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይወስደዋል። አዳራሻችን ውስጥ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሁልጊዜም እነዚያው የማኅበር መሪዎች ነን። የ15፣ የ16፣ የ17 ዓመት ልጆችን የሚጠራ የለም። እነሱ ደግሞ ገና 18 ስላልሞላቸው አይመርጡም። በድምፃቸው መናገር ለማይችሉት ምክክሩ ብቸኛው በር ነው። እሱም ከተዘጋባቸው ምን ቀራቸው? ጉዳዩ የሚነካውን ሰው ፈልጊ። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ደንብ ሊወጣ ሲል አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ካልተጠየቁ ማን ሊጠየቅ ነው? ደግሞ የቀን ሥራቸውን አታስፈቺያቸው። ሰፈራቸው ድረስ ሂጂ፣ እሑድ ከሰዓት አድርጊው።

ኃላፊዎቹ «ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» ቢሉሽ አትጣይ። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 አሳያቸው። ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። እኔ የደብዳቤዬ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ነበር የምጽፈው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን እንደ ልመና የሚያይ ሰው ቀንሷል።

የመጨረሻው መልስ መመለስ ነው። እባክሽ ይህን አትርሺ። «ሐሳባችሁን ተቀብለናል» ተብሎ የቀረ ነገር ወጣቱን ሁለተኛ አያመጣውም። ከመድረኩ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የትኛው ሐሳብ እንደገባ፣ የትኛው እንዳልገባና ለምን እንዳልገባ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፊ፤ በቴሌግራምም ላኪላቸው። አልተቻለም መባሉን ወጣቱ ይችለዋል። ምክንያቱ ከተነገረው ይከራከራል፣ ሌላ መላ ያመጣል። ስለ ሁለቱ ምሰሶዎች የነገርናቸው ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው «እንግዲያው ወፍጮ ቤቱ በራፍ ላይ አምፖል ያድርግልን» ያሉት። ባለ ወፍጮው እሺ አለ፤ ማታ ማታ ያበራላቸዋል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፊ ብትልኪልኝ አብረን እናየዋለን። የእኔንም የድሮውን እልክልሻለሁ።