መልስ፦ የመኳንንት ልጆች በቤተ መንግሥት ምን ይሠሩ ነበር?

«የመኳንንት ልጅ በ7 ዓመቱ ጌታ ቤት ሲላክ ሥራው ምን ነበር? ይከፈለውስ ነበር?» ላልከው፣ በጽሑፍ በደንብ የቆየልንን የእንግሊዝን ልማድ ልንገርህ።

ትልቁ ትምህርት ቤቱ ገበታው ነበር። ብላቴናው ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እጅ ያስታጥባል፣ ጽዋ ሲያቀርብ ይንበረከካል። የጨው ዕቃው ከጌታው በስተቀኝ ይቀመጣል። በሳህን ፈንታ የሚቀርበው ቁራጭ ዳቦ 4 ቀን የቆየ መሆን አለበት፤ ትኩስ ዳቦ መረቁን መጥጦ ይፈርሳል፣ የገበታውን ጨርቅም ያበላሻል።

ይህን ተራ ሎሌነት አድርጎ ማየት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በ1470ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ የቤተ መንግሥት ደንብ ለልጆቹ አለቃ ይመድብላቸዋል፤ የኛው «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ መነሻም ይኸው ሥራ ነው። አለቃው ፈረስ ግልቢያ፣ በጦር መግጠም፣ ጥሩር አለባበስ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ፣ በገና፣ ዘፈንና ጭፈራ ያስተምራቸዋል። አበላላቸውንም ሳይቀር ይከታተላል።

ክፍያው በአብዛኛው ምግብ፣ መኝታና ልብስ ነበር። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር በልጅነቱ በአልስተር እመቤት በኤልሳቤጥ ቤት ሲያገለግል፣ በ1357 አጭር ካባ፣ ቀይና ጥቁር ጠባብ ሱሪ፣ ጫማም እንደተገዛለት የሒሳብ መዝገቧ ላይ ሰፍሯል። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ስለነበር በሩ ለመኳንንት ብቻ የተከፈተ አልነበረም። በ14 ዓመት ገደማ ልጁ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል።