ፋይል ተቀብሎ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥልጠና የጨረስሽው ጠያቂያችን፣ ለረዳት ኤዲተርነት የተሰጠሽን የተግባር ፈተና እንዳላለፍሽ ጽፈሽልናል። ሎጎው ነጭ ሳጥን ይዞ ገባ፤ የቃለ መጠይቁ ድምፅም ከተናጋሪዋ አፍ እየራቀ ሄደ። አሁን ኢፌክት ላይ ልበርታ ወይስ ሌላ ሶፍትዌር ልማር ትያለሽ።

ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪያቸው። ያሰናከለሽ ከሌላ ፕሮግራም የመጣን ፋይል ሳትመረምሪ ታይምላይን (ምስልና ድምፅ በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ማስቀመጥሽ ነው። ረዳት ኤዲተር ደግሞ በአመዛኙ የሚቀጠረው ለዚህ ምርመራ ነው።

ድምፁን እንይ። ስልኮችና የኮምፒውተር ስክሪን የሚቀርጹ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነታቸው፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀርጹት የምስል ብዛት፣ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱን ሰከንድ በ30፣ ቀጣዩን በ27 ፍሬም ሊቀርጹ ይችላሉ። ታይምላይኑ ግን በቋሚ ፍጥነት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረ ድምፅ ወደ መጨረሻው እየተንሸራተተ ከሄደ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ጠርጥሪ። ሚዲያኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱ ተለዋዋጭ መሆን አለመሆኑን ያሳይሻል። ተለዋዋጭ ከሆነ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ቀይረሽ፣ አዲሱን ቅጂ አስገቢ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን ኤዲተሩ ድምፁን በየቦታው እየቆረጠ ሲያስተካክል ይውላል።

የሎጎው ችግር ቀላል ነው። ጄፔግ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ግልጽ (ከኋላው ያለውን የሚያሳይ) ዳራ መያዝ አይችልም፤ ይህን የሚይዘውን ፒኤንጂ ወይም የፎቶሾፑን ዋና ፋይል ጠይቂ። ለኅትመት በሲኤምዋይኬ ቀለም የተሠራ ከሆነ ወደ ስክሪን ቀለሙ አርጂቢ ይቀየር። አፍተር ኢፌክትስ ከተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ጽሑፍም በተለመደው የቪዲዮ ቅርጸት፣ በኤች.264 ከወጣ ዳራው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮሬስ 4444 በተባለው ቅርጸት፣ ግልጽነቱን ከሚይዘው አልፋ ቻናል ጋር እንዲላክልሽ አሳስቢ። ላኪውን መጠየቅ አለማወቅ እንዳይመስልሽ፤ ልምድ ያላቸው ኤዲተሮች ሥራ ሲረከቡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየር ፕሮም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተለመደው አሠራራቸው የቪዲዮውን ፋይል ወደ ፕሮጀክቱ አይገለብጡትም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ይመዘግባሉ። ከፍላሽ በቀጥታ ካስገባሽ ፍላሹ ሲነቀል ምስሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድመሽ ወደ ሥራው ፎልደር ገልብጪ።

አሁን የፈተናውን ዓይነት ፎልደር ራስሽ አሰናጂ፤ የስልክ ቪዲዮ፣ የስክሪን ቅጂ፣ የፎቶሾፕ ሎጎና ሙዚቃ ይኑርበት። እያንዳንዱ ፋይል ከየት እንደመጣ፣ ምን ችግር እንዳገኘሽበትና እንዴት እንዳስተካከልሽው በአንድ ገጽ ጻፊ። ማመልከቻ ስትልኪ ይህን ገጽ ከሥራ ናሙናሽ ጋር አያይዢው። ፈታኞችሽ እንደገና ማመልከት የሚፈቅዱ ከሆነም መጀመሪያ ለእነርሱ ላኪ።