ከራስ ድርጅት የሚወሰድ ገንዘብ፦ ደመወዝ ወይስ የትርፍ ድርሻ?

ጥያቄ፦ ከእህቴ ጋር እኩል ድርሻ ይዘን ያቋቋምነው አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ፤ እህቴ ገንዘብ ከማዋጣት ውጭ የለችበትም። እስካሁን ሲያስፈልገኝ ከድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እያወጣሁ ተጠቅሜአለሁ። ደመወዝ ይቆረጥልኝ ወይስ ዓመት ጠብቄ የትርፍ ድርሻ ልውሰድ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የሚያሰጋው እስካሁን የሄዱበት መንገድ ነው። ማኅበሩ በሕግ ፊት ከእርስዎ የተለየ ሰው ስለሆነ ገንዘቡም የራሱ ነው። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 በሰሎሞን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001 የያዘው ጫማ ሠሪ እንኳ ከኩባንያው ጋር እንደ አንድ ሰው አልተቆጠረም። ምክንያቱ ሳይገለጽ የወጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በመዝገብ ላይ የሚታየው ለባለድርሻ እንደተሰጠ ብድር ሲሆን፣ ብድር ደግሞ ይመለሳል።

ደመወዝ የማኅበሩ ወጪ ነው። ለእርስዎ ከመከፈሉ በፊት የዓመቱ ትርፍ 1,000,000 ቢሆንና 400,000 በደመወዝ ቢወስዱ፣ ማኅበሩ የትርፍ ግብር የሚከፍለው በቀሪው 600,000 ላይ ነው፤ ከደመወዙ ላይ ግን የገቢ ግብር ይቆረጣል። የትርፍ ድርሻ በአንጻሩ ሒሳብ ተዘግቶና የትርፍ ግብር ተከፍሎ ከተረፈው ላይ የሚከፋፈል ነው፤ በብዙ አገሮችም ተቀባዩ ዳግም ግብር ይከፍልበታል።

በእርስዎ ሁኔታ ከግብሩ ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው የእህትዎ ነገር ነው። የትርፍ ድርሻ የሚከፋፈለው በልፋት መጠን ሳይሆን በተያዘው ድርሻ መጠን ነውና፣ ደመወዝ ሳይወስዱ ትርፉን ብቻ ቢካፈሉ የዓመት ድካምዎ ዋጋ ግማሹ ወደ እርሷ ይሄዳል። እንዳሁኑ እያወጡ ቢቀጥሉ ደግሞ እርሷ ከድርሻዋ ምን ያህል እንደተነካ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ይህ በሥጋ ዘመዶች መካከል እጅግ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ደመወዙን ወስኑ። ለዚያው ሥራ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ብትቀጥሩ የምትከፍሉትን መነሻ አድርጋችሁ፣ ማኅበሩ ገበያ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ሊችለው በሚችለው ልክ ተምኑት፤ በቃለ ጉባኤም አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ትርፍ ስትከፋፈሉ በዱቤ የተሸጠም በትርፍነት እንደሚመዘገብ አትርሱ፤ ትርፍ እያለ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። እስካሁን ያወጡትን ግን የሒሳብ ባለሙያ በዝርዝር ይለይልዎ፤ በምን መልክ እንደሚመዘገብና የትኛው እንደሚመለስም እህትዎ ባሉበት ይወሰን።