ጥያቄና መልስ፦ አንድ ኩንታል ስንዴ ከጅቡቲ ሞጆ ለማድረስ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን የጭነት ባቡር የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባቡር ከከባድ መኪና ይረክሳል ሲባል እሰማለሁ። የእኛ ባቡር ግን ከባሕር ተነስቶ ዳገት ነው የሚወጣው። ታዲያ ጥቅሙ ከየት ይመጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመንኮራኩሩ ነው የሚመጣው። የብረት መንኮራኩር ሐዲዱን የሚነካው አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር በምታህል ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጠጣር ስለሆኑ እምብዛም አይረግቡም። ስለዚህ በሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት እየጎተቱ ለመሄድ የሁለት ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። የመኪና ጎማ ግን በዞረ ቁጥር እየተጨፈለቀ ስለሚሞቅ ለዚያው አንድ ቶን ከስድስት እስከ አሥር ኪሎ ይጠይቃል።

ስለ ዳገቱ ልክ ነዎት፤ ዳገት ለባቡርም ለመኪናም እኩል ነው። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አንድ ኩንታል ስንዴ እዚያ ከፍታ ላይ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ለማንከባለል የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የፉርጎው የራሱ ክብደትና በሞተርና በሽቦ የሚባክነው ሲታከልበት፣ በእኛ ስሌት አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚበላው ይህንኑ ያህል ነው።

ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ናፍጣ አይደለም፤ በ25 ሺህ ቮልት ሽቦ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከግድቦቻችን የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከኃይሉ ጥቂቱን ወደ ሽቦው ይመልሳል። የሚያሳዝነው፣ አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ ከባዱ ባቡር ሽቅብ፣ ባዶ ኮንቴይነር የሞላው ደግሞ ቁልቁል መሄዱ ነው። ቡናውም፣ ጥራጥሬውም፣ የቅባት እህሉም በብዛት በባቡር ቢወርድ የሚመለሰው ኃይል ይጨምር ነበር።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ራሱ ፈጣን ነው፤ ዕቃዬ ግን እጄ እስኪገባ ቀናት ይወስዳል። ምን ላድርግ? (አስመጪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባቡር መንገድ ላይ ያተረፈውን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ይበሉታል። ኮንቴይነሩ ከመርከብ ይወርዳል፣ ፉርጎ ላይ ይጫናል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና መኪና ላይ ወጥቶ ወደ መጋዘንዎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ማንሳትና ማውረድ ገንዘብም ወረፋም አለው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ የባቡሩን ኪራይ ብቻ ሳይሆን እስከ መጋዘን በር ያለውን ድምር ይጠይቁ። ባቡር የሚያዋጣው በአንድ ጊዜ ብዙ ሆኖ ወደ አንድ ቦታ ለሚሄድ ጭነት ነው፤ ማዳበሪያና ስንዴ ዋነኞቹ ናቸው። 50 ፉርጎ ያለው ባቡር ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር መቶ ይጭናል፤ ይህ 50 ባለ ተሳቢ መኪናዎችን ከመንገድ ያስቀራል።

ኮንቴይነሩን ሲረከቡ መጀመሪያ የማሸጊያውን ቁጥር ከጭነት ሰነዱ ጋር ያመሳክሩ፤ ሳይቆረጥም ፎቶ ያንሱት። ዕቃው ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ውጭ በሩ ላይ እየጠበቀ ሌላው ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋበት። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ዝናብም ያስገባል። ዕቃው ረጥቦ ቀዳዳ ካልተገኘ ግን ውሃው ከውስጥ የመጣ ነው፦ የቀን ሙቀት ከዕቃው ያወጣው እርጥበት ሌሊት በቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ይህ ቡና ላኪዎችንም ይጎዳል፤ መፍትሔው በደንብ የደረቀ ቡና፣ ግድግዳና ጣሪያውን የሚሸፍን ወፍራም ወረቀትና እርጥበት መጣጭ ከረጢት ነው።

ጥያቄ፦ ባቡር አሸዋ ይዞ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው? (ተማሪ)

መልስ፦ እውነት ነው። ሐዲዱ በጤዛ ወይም በዝናብ ሲረጥብ የሎኮሞቲቩ መንኮራኩር ባለበት ይሽከረከራል። ያኔ ነጂው ቁልፍ ሲጫን ደረቅ፣ የተነፋ አሸዋ በአየር ግፊት ከመንኮራኩሩ ፊት ይረጫል። አሸዋው ከረጠበ ቱቦውን ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ነጂው ከብቶቹን ከሩቅ እያየ ለምን አይቆምም? (ከሚኤሶ)

መልስ፦ ፍሬን ይይዛል፤ ግን አይደርስም። በቀላሉ እንዲንከባለል ያደረገው ልስላሴ ለማቆምም ያስቸግራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሙሉ ባቡር የአደጋ ጊዜ ፍሬን ተይዞበት እንኳ ለመቆም 800 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ፍሬኑ የሚሠራው በአየር ነው፦ ባቡሩን ዳር እስከ ዳር በሚያያይዘው ቱቦ ውስጥ አምስት ባር ገደማ ግፊት እስካለ ድረስ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይይዛል። ፉርጎ ቢበጠስ ቱቦውም ስለሚበጠስ ሁለቱም ክፍል በራሱ ይቆማል።

ስለዚህ ከብትና ግመል በተሠራላቸው መሻገሪያ ብቻ ይለፉ። ሽቦው ባለበት ቦታ ረጅም እንጨት ወይም ብረት ወደ ላይ ቀና አድርጎ መሄድም አይገባም፤ 25 ሺህ ቮልት ሳይነካ፣ በመቅረብ ብቻ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የድሮው ባቡር “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ ነበረው፤ የአሁኑ የለውም። ለምን? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የድሮው ሐዲድ በየመገጣጠሚያው ክፍተት ነበረው፤ ድምፁ መንኮራኩሩ ያን ሲዘል የሚሰማ ነው። የአሁኑ ሐዲድ ተበይዶ አንድ ወጥ ሆኗል። ብረት በሙቀት ይረዝማል፦ አንድ ኪሎ ሜትር ነፃ ሐዲድ 30 ዲግሪ ሲሞቅ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የተበየደው ግን መርዘም ስለማይችል እያንዳንዱ ሐዲድ በ50 ቶን ገደማ ኃይል ይገፋል። ይህን ኃይል አፍኖ የሚይዙት ሐዲዱን ከኮንክሪቱ ጋር የሚቆልፉት የተጠማዘዙ የብረት ክሊፖችና ዙሪያውን የተሞላው ጠጠር ናቸው።

ክሊፕ ለቁራሌው ቢሸጥ የሚያወጣው ጥቂት ብር ነው። ተከታትለው ያሉ ክሊፖች ከተፈቱ ወይም ጠጠሩ ለግንባታ ከተወሰደ ግን፣ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ሐዲዱ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባቡርም ከሐዲድ ይወጣል። የተፈታ ክሊፕ ወይም የተራቆተ ሐዲድ ካዩ በቅርብ ላለው ጣቢያ ወይም ለፖሊስ ይንገሩ፤ ቦታው በቀላሉ እንዲገኝ በአቅራቢያው ባለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ አብረው ይጥቀሱ።