«ከሌላ ዳታቤዝ ቪው ሥሪ» ሲሉሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ለዳታቤዝ ባለሙያነት ስትፈተኚ፣ በሠራተኞች ዳታቤዝ ውስጥ ሆነሽ ከደመወዝ ዳታቤዝ መረጃ የሚያመጣ ቪው፣ ማለትም እንደ ሰንጠረዥ የሚነበብ የተቀመጠ የመረጃ ጥያቄ፣ እንድትሠሪ ታዘዝሽ፤ በዩኒቨርሲቲ የለመድሽውን ጻፍሽ፤ የተፈተንሽበት የዳታቤዝ ሥርዓት፣ ፖስትግሬስ፣ አልቀበልም አለሽ። አሁን «ሙያውን ልተወው?» ትያለሽ። በፍጹም አትተዪው።

የጻፍሽው ትእዛዝ በማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ ሥርዓት፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ቢሆን ትክክል ነበር። እዚያ ሁለቱ ዳታቤዞች በአንድ ሰርቨር ላይ እስካሉ ድረስ የዳታቤዙን፣ የስኪማውን (በዳታቤዙ ውስጥ ሰንጠረዦች የሚመደቡበትን ክፍል) እና የሰንጠረዡን ስም በነጥብ ማያያዝ ይበቃል። ፖስትግሬስ ግን እያንዳንዱን ዳታቤዝ አጥሮ ያኖረዋል፤ ወደ አንዱ የገባ ሰው የጎረቤቱን ሰንጠረዥ በስም ጠርቶ አያገኘውም። ለዚህ ከ9.3 እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ፖስትግሬስ ኤፍዲደብሊው የተባለ ማያያዣ አለ። የሌላውን ዳታቤዝ አድራሻና የመግቢያ መለያ ታስመዘግቢያለሽ፤ የውጭ ሰንጠረዥ፣ ማለትም መረጃው በሌላው ዳታቤዝ እንዳለ እዚህ የሚነበብበትን፣ ትፈጥሪያለሽ፤ ቪውሽን የምትሠሪው በዚያ ላይ ነው።

ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትለምጂዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የተጠየቅሽው ስለ ደመወዝ ሆኖ ሳለ ማን ሊያየው እንደሚችል አለመጠየቅሽ። በኤስኪውኤል ሰርቨር ለቪው ብቻ ፈቃድ የተሰጠው ሰው፣ በነባሪው አሠራር፣ በሌላው ዳታቤዝ ያለውን መረጃ ማንበብ አይችልም፤ እዚያም ተጠቃሚ ሆኖ መመዝገብና በሰንጠረዡ ላይ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ተቸግረው ሙሉ የባለቤትነት ሥልጣን ይሰጡታል። እባክሽ ይህን አታድርጊ! በፖስትግሬስም የምታስመዘግቢው መለያ ማንበብ ብቻ የሚችል፣ ከሚያስፈልጉት ዓምዶች ውጭ የማያይ ይሁን።

እኔም ፈታኝ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት፣ ከመጻፉ በፊት «ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ናቸው? የሚያነበው ማነው?» ብሎ የጠየቀን ተፈታኝ ሳልመርጠው ቀርቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ስጪው። ፖስትግሬስም የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እትምም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በሁለቱም ላይ የሠራተኛና የደመወዝ ዳታቤዝ በፈጠራ ስሞች ሙዪ፣ ቪውውን ሥሪ፣ ከዚያም ፈቃድ በሌለው መለያ ገብተሽ መከልከልሽን አረጋግጪ። ያጋጠመሽን ስህተትና ያረምሽበትን መንገድ በአንድ ገጽ ጻፊ። በሥራ ማመልከቻሽም «ዳታቤዝ እችላለሁ» የሚለውን አውጥተሽ ይህንኑ ሥራ በስሙ አስገቢ። ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ከማስገባትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።