ባለቤቴ ከጦርነት ተመለሰ፤ ቤታችን ግን ሰላም አጣ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአራት ዓመት በኋላ ከጦር ሜዳ ተመልሷል። በሕይወት ይምጣልኝ ብዬ ያልጸለይኩበት ቀን የለም። አሁን ግን በገዛ ቤቴ መተንፈስ አቅቶኛል። ወንዱ ልጄ አባቱ ሲሄድ የስድስት ወር ሕፃን ነበር፤ እስካሁን የሚተኛውም ከእኔ ጋር ነበር። በቀደም አባቱ ፊት «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ቤቱን ከእኔ እኩል ስትመራ ኖራ፣ አሁን አባቷ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዝም በይ» ሲላት ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። የወጪ ደብተሬን እየገለበጠ እያንዳንዷን መስመር አስረጂኝ ይላል። ማታ ማታ በሩን ደጋግሞ ይፈትሻል፣ ከዚያ ወንበር ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ስለ ጦርነቱ ብጠይቀው አይመልስልኝም። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት፤ እሱ ሳይኖር ቤታችን ሰላም ነበር። ይህን ሳስብ ራሴን እጠላለሁ። ትዳሬን እያፈረስኩ ያለሁት እኔ ነኝ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አይደለሽም። «እሱ ሳይኖር ሰላም ነበር» ብለሽ ማሰብሽ ባልሽን መጥላት አይደለም፤ ባይመለስ ብሎ መመኘትም አይደለም። የናፈቀሽ በፍርሃትና በእንቅልፍ እጦት መሀል በገዛ እጅሽ ያቆምሽው ሥርዓት ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥሽ ልጅ አሳድገሻል፣ ወጪ ሸፍነሻል፣ የታመመ አስታመሻል። ማንንም ሳታማክሪ መወሰን የለመድሽው ወደሽ ሳይሆን የምታማክሪው ሰው ስላልነበረ ነው። ያንን ሁሉ በአንድ ጀንበር መልሺ ስትባዪ ብትናደጂ ምን ይገርማል?

ባለቤትሽ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ በልቡ ይዞት የኖረው ጥሎት የሄደውን ቤት ነው። ሲመጣ ያለ እሱ የሚሄድ ቤት ጠበቀው። የቱ ዕቃ የት እንዳለ፣ ትንሹ ልጅ ምን ሲደረግለት እንደሚተኛ፣ ሴቷ ልጁ ምን እንደሚያስከፋት፣ ሁሉንም ካንቺ መጠየቅ አለበት። እሱን ስላላነጋገርኩት በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ግን ደብተሩን የሚገለብጠው አንቺን ጠርጥሮ ሳይሆን «እኔ በዚህ ቤት ምን ቀረኝ?» የሚለው ጥያቄ ከአፉ አልወጣ ብሎት ይመስለኛል።

ይህ እናንተ ቤት ብቻ የገባ ችግር አይደለም። በእንግሊዝና ዌልስ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀመረበት በ1939 (ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተፈጸመው ፍቺ ከ10,000 በታች ነበር፤ በ1947 ግን ወደ 60,000 ደረሰ። ሩበን ሂል የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በአዮዋ ግዛት 135 የዘማች ቤተሰቦችን አጥንቶ ውጤቱን በ1949 አሳትሟል። ያገኘውም ይህን ነው፦ አባት ሲሄድ ሥራውን ሁሉ ተከፋፍለው ክፍተቱን ጥርቅም አድርገው የዘጉ ቤተሰቦች መለያየቱን በደንብ ይቋቋሙታል፤ አባት ሲመለስ ግን ቦታ ለመስጠት ይቸገራሉ። ዛሬ ያስጨነቀሽ ነገር ትናንት ልጆችሽን ያተረፈው ብርታት ነው ማለቴ ነው። ስለዚህ እንደ ጥፋት አትቁጠሪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አጣሁበት። አንቺ ስለ ጦርነቱ ጠይቀሽዋል፤ እሱስ ያንቺን አራት ዓመት ጠይቆሽ ያውቃል? ደጀን ሆኖ የቆየ ሰው ጦርነት እንዳሳለፈ አይቆጠርም። ብሪታንያ በዲሴምበር 1941 ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶችን ለጦርነቱ አገልግሎት በሕግ ጠርታለች፤ ያገቡትም በብዛት ፋብሪካ ገብተው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ሥራውን ለተመላሾች ለቀው ወደ ጓዳቸው እንዲመለሱ ነው የተጠበቀው። እንዴት እንደቻሉት ቁጭ ብሎ የሰማቸው ጥቂት ነው። ያልተነገረ ድካም ደግሞ ውሎ አድሮ በትንሹም በትልቁም መነጫነጭ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ እሱ እስኪናገር አትጠብቂ፤ አንቺ ጀምሪ። አራቱን ዓመት በአንድ ጊዜ አታውሪለት፤ ክስ ይመስልበታል። አንዲት ሌሊት ምረጪ። ልጁ ትኩሳት ይዞት እስኪነጋ የተቀመጥሽበት ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ ስለ እሱ ምንም ወሬ የጠፋበት ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ምን እንደለበስሽ፣ ማን ጋ እንደደወልሽ፣ ልጅቷ ምን እንዳለችሽ፣ እንደሆነው አድርገሽ ንገሪው። «አንተ አልነበርክም» የምትለው ቃል አትግባበት። ጎን ለጎን ሆናችሁ እጃችሁ ሥራ ይዞ ብታወሩ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። መልስ ባይሰጥሽ አትክፊ፤ መስማቱ ለጊዜው ይበቃል።

ወደ ትንሹ ልጅ ልምጣ። የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ፣ ሃምፕስቴድ፣ የሕፃናት ማቆያ ነበራቸው። ሕፃናቱን ከቦምብ ድብደባው ይልቅ ከእናት መለየት እንደሚያናጋቸው የመዘገቡት እዚያ ነው። አባት በሌለበት ልጆች በልባቸው የራሳቸውን አባት እንደሚሠሩም አስተውለዋል። ልጅሽም ከፎቶና ካንቺ ወሬ የሠራው አባት አለው። አሁን የመጣው ሰውዬ ግን ይቆጣል፣ ጢሙ ይኮሰኩሳል፣ የእናቱን አልጋም ወስዶበታል። «አባትህን ሳም» ብለሽ አታስገድጂው። ከአልጋው የሚወጣ ከሆነም ቀስ በቀስ ይሁን፤ የምታስለምጂውም አንቺ ሁኚ፣ አባቱ አባረረኝ እንዳይል። ለባለቤትሽ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደገም አንድ ነገር ስጪው፦ እግሩን ማጠብ ወይም ተረት መንገር። መጀመሪያ ልጁ እምቢ ቢልም አባትየው በሰዓቱ መምጣቱን አያቋርጥ። አንቺ ከክፍሉ ውጪ፤ ካለሽ ልጁ የሚሮጠው ወዳንቺ ነው።

ልጅቷ ከልጅነቷ ላይ አራት ዓመት አዋጥታለች። «ዝም በይ» ከመባል በፊት «አመሰግናለሁ» መባል ይገባታል፤ ይህን ለአባቷ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሪው። አንቺም ብትሆኚ በሁለታችሁ ጠብ መሀል ምስጢረኛሽ አታድርጊያት።

ደብተሩን አትደብቂ፣ ሙሉ በሙሉም አታስረክቢ። በሳምንት አንድ ቀን አብራችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያ ውጪ ባለው ቀን ተዘግቶ ይቀመጥ። ከቤቱ ጉዳይ ደግሞ አንዱን ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ልቀቂ፣ ከኋላው እየሄድሽ ሳታርሚ። በራሱ መንገድ ሲሠራው እጅሽን ያሳክክሻል፤ ቻይው።

የበሩ ጉዳይ የተለየ ነው። ለዓመታት በንቃት ሕይወቱን ያተረፈ ሰውነት ሰላም መጣ ተብሎ ወዲያው አይላላም። ብዙዎች በጊዜ እየተረጋጉ ይሄዳሉ። በእንቅልፉ ሲጨነቅ ካየሽው በእጅሽ አትቀስቅሺው፤ ራቅ ብለሽ ስሙን ጥሪው። ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር በላይ ካልበረደ፣ ከሰው ከራቀ ወይም መጠጥ ካበዛ ግን የባለሙያ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው ይህ ሕመም (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ PTSD) ከ1980 ጀምሮ በሕክምናው ዓለም በስም የታወቀ ነው፤ የሚሠራ የንግግር ሕክምናም አለው። እጁን ካነሳባችሁ፣ ወይም መሣሪያ ቤት ውስጥ እያለ ስለ ሞት ካወራ ግን እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ተይው፤ መጀመሪያ አንቺና ልጆቹ ደኅና ቦታ ሁኑ፣ ለእሱም በዚያው ቀን እርዳታ ጥሪለት። ታጋሽነት እዚህ ላይ አይሠራም።

ወደ አማካሪ አብራችሁ ብትሄዱ እመርጣለሁ። «እኔ አላበድኩም» ካለሽ አትሟገቺው፤ «እኔ ደክሞኛል፣ ለእኔ ስትል ና» በይው። እምቢ ካለም ብቻሽን ጀምሪ፤ አራት ዓመት የተሸከምሽው ያንቺም ስለሆነ የእሱን ፈቃድ መጠበቅ የለብሽም።